ላይፍጋርድ ለመሆን፦ ስለ ሥልጠናውና ስለ ምስክር ወረቀቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ። ይህ ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። ጎበዝ ዋናተኛ ራሱን ያሻግራል። ላይፍጋርድ (የዋናተኞች ጠባቂና አዳኝ) ግን ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ የሚንጠላጠል፣ በድንጋጤ አንገት የሚያንቅ ሰው ይዞ መመለስ አለበት። ካወጣው በኋላም ትንፋሹ ቆሞ ከሆነ ትንፋሽ እየሰጠ፣ ደረቱን እየተጫነ፣ የሕክምና ባለሙያ እስኪደርስ ነፍሱን ማቆየት ይጠበቅበታል። ሌላውን ሊያድን ገብቶ አብሮ የሰጠመ ሰው ወሬ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ዋና ያልቻሉ አልነበሩም፤ ተንሳፋፊ መሣሪያ ሳይዙ ገብተው፣ እንዴት መቅረብ እንዳለባቸውም ሳያውቁ ነው የተያዙት።

ስለዚህ ሥልጠናው ከሁሉ አስቀድሞ ቅደም ተከተል ያስይዛል። መጀመሪያ ከዳር ሆኖ እጅ ወይም ዘንግ መዘርጋት፣ ያ ካልደረሰ ተንሳፋፊ ነገር ወይም ገመድ መወርወር፣ ያም ካልሆነ በጀልባ መቅረብ። ዋኝቶ መግባት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያውም መሣሪያ ይዞ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሥራው ትልቁ ክፍል አለ፦ አደጋው ሳይደርስ አይቶ መከልከል። ጥሩ ላይፍጋርድ አብዛኛውን የሥራ ቀኑን ልብሱ ሳይረጥብ ይጨርሳል።

ስንት ዓመት ሊሞላኝ ይገባል? የመግቢያ ፈተናውስ ምን ይመስላል?

እንደ ሰርተፊኬት ሰጪው ድርጅት ይለያያል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል 15 ዓመት የሞላውን ይቀበላል። የብሪታኒያው ሮያል ላይፍ ሴቪንግ ሶሳይቲ ኤንፒኤልኪው ለሚባለው የመዋኛ ገንዳ ሰርተፊኬት 16 ዓመት ይጠይቃል።

የመግቢያ ፈተናውም እንዲሁ ይለያያል። ለኤንፒኤልኪው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ዘላችሁ ትገባላችሁ፤ 50 ሜትር በ60 ሰከንድ ውስጥ ትዋኛላችሁ፤ 100 ሜትር ሳታቋርጡ በፊትና በጀርባ ትዋኛላችሁ፤ 30 ሰከንድ ባላችሁበት ትንሳፈፋላችሁ፤ እስከ ገንዳው ወለል ትጠልቃላችሁ፤ በመጨረሻም ማንም ሳይረዳችሁ ትወጣላችሁ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ደግሞ እጅን ብብት ሥር አድርጎ በእግር ብቻ 2 ደቂቃ መንሳፈፍን ይጠይቃል፤ ከዚያ ብዙዎችን የሚያስጨንቀው የጡብ ፈተና አለ። የባሕር ዳርቻ ሥራ ከዚህ ይከብዳል። ብሮንዝ ሜዳልየን የሚባለው የአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ሰርተፊኬት 400 ሜትር ከ9 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መዋኘትን፣ ከዚያም 200 ሜትር ሮጦ፣ 200 ሜትር ዋኝቶ፣ እንደገና 200 ሜትር ሮጦ በ8 ደቂቃ ውስጥ መጨረስን ይጠይቃል።

እነዚህ ሁሉ ዝቅተኛ መስፈርቶች መሆናቸውን አትርሱ። የመግቢያ ፈተናውን እያለከለከ ያለፈ ሰው፣ በሁለተኛው ቀን አንድ ሙሉ ሰው ደጋግሞ እንዲጎትት ሲታዘዝ ጉልበቱ ያልቃል።

የጡቡ ፈተና ላይ ያን ያህል ሰው የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ፈተናው እንዲህ ነው። 20 ያርድ (18 ሜትር ገደማ) ትዋኛላችሁ፤ ከ2 እስከ 3 ሜትር ጠልቃችሁ 10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ ገደማ) የሚመዝን ዕቃ ታነሣላችሁ፤ ዕቃውን በሁለት እጅ ይዛችሁ በጀርባ እየዋኛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ያለ መሰላል ትወጣላችሁ። ለሁሉም የተሰጠው ጊዜ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፤ የዋና መነጽርም አይፈቀድም።

መጀመሪያ የሚበላሸው አጠላለቁ ነው። ብዙ ሰው ሆዱን ውሃው ላይ እንዳስተኛ በእጁ ብቻ ወደ ታች ሊቀዝፍ ይሞክራል፤ ሰውነት ደግሞ ተንሳፋፊ ስለሆነ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ጡቡ አጠገብ ስትደርሱ ከወገባችሁ ታጥፋችሁ ጭንቅላታችሁን ቁልቁል አድርጉ፤ ወዲያው ሁለቱን እግሮቻችሁን አጋጥማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ። ከውሃው በላይ የቀረው የእግር ክብደት ራሱ ወደ ታች ይገፋችኋል። እግር ማወራጨት የሚጀመረው እግሩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ማወራጨት አየር መምታት ነው።

ቀጥሎ ጆሮ አለ። ሁለት ሜትር ላይ ግፊቱ በደንብ ይሰማል። አፍንጫን በጣት ይዞ በቀስታ ወደ አፍንጫ መንፋት ይፈታዋል፤ ነገር ግን ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ነው መደረግ ያለበት። ማመም የጀመረ ጆሮ በግድ አይከፈትም፤ ወጥቶ እንደገና መሞከር ይሻላል።

ከዚያ መመለሱ። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ጡቡን ደረታችሁ ላይ ካስጠጋችሁ በኋላ ወለሉን በሁለት እግር ወደ መነሻው አቅጣጫ ሰያፍ ግፉት፤ ያ አንድ ግፊት ብዙ ሜትር ያተርፍላችኋል። ጡቡ ወደ ሆድ ከወረደ ዳሌ ይሰጥማል፤ ስለዚህ ከአንገት ዝቅ ብሎ የደረት የላይኛው ክፍል ላይ ይቀመጥ። ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ፣ ዓይናችሁ ወደ ላይ ይሁን። ግድግዳው ደርሶ እንደሆነ ለማየት አንገት ቀና ባለ ቁጥር እግር ይወርዳል፤ ሰዓቱም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። በአንድ እጅ ጡብ፣ በአንድ እጅ መቅዘፍ ደግሞ ፈተናውን ያስጥላል። ምክንያት አለው፦ ጡቡ የሰውን ጭንቅላት ተክቶ የገባ ነው።

አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። ከመጥለቃችሁ በፊት ደጋግማችሁ በፍጥነት አትተንፍሱ። ይህ ኦክስጅን አይጨምርም፤ የሚያደርገው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማውረድ ነው። «ተንፍስ» የሚለውን ስሜት የሚቀሰቅሰው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስሜቱ ሳይመጣ ኦክስጅን ያልቅና ሰውየው ውሃ ውስጥ እንዳለ ራሱን ይስታል። በዚህ መንገድ የሞቱት ብዙዎቹ ጠንካራ ዋናተኞች ናቸው። ጥልቀት ስትለማመዱ ሁልጊዜ ከላይ የሚያያችሁ ሰው ይኑር።

ከመመዝገቤ በፊት ምን ያህል ልለማመድ?

አሁን ሳያርፍ 200 ሜትር መዋኘት ለሚችል ሰው በሳምንት 3 ቀን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጥሩ ዝግጅት ነው። የአንድ ቀን ልምምድ ይህን ሊመስል ይችላል፦ 200 ሜትር ለማሟሟቂያ፤ 50 ሜትር 6 ጊዜ፣ በመካከሉ 20 ሰከንድ ዕረፍት፤ ጭንቅላትን ከውሃ አውጥቶ ፊት ለፊት እያዩ 25 ሜትር 4 ጊዜ፤ በእግር ብቻ መንሳፈፍ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ እስከ 2 ደቂቃ፤ 5 ጊዜ መጥለቅ፤ መጨረሻ ላይ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ በጀርባ 100 ሜትር።

ቀና ብሎ መዋኘቱ ከባድ ነው፤ ግን አትዝለሉት። እየሰጠመ ያለን ሰው ለአንድ አፍታ ዓይናችሁን ካነሣችሁበት፣ ቀና ስትሉ ላታገኙት ትችላላችሁ። በእግር መንሳፈፍ ላይ ደግሞ ሁለቱ እግሮች በየተራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ክብ የሚሠሩበት አመታት ከሁሉም ያዋጣል፤ ሰውነትን ከፍና ዝቅ ሳያደርግ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል።

ሥልጠናው ስንት ሰዓት ይፈጃል? በኦንላይን ብቻ መጨረስስ ይቻላል?

ኤንፒኤልኪው ቢያንስ 36 ሰዓት ይወስዳል። ሌሎቹም ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ወይም በጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ይጠናቀቃሉ። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኦንላይን የሚሰጡ አሉ፤ ውሃ ውስጥ የሚሠራውንና ሲፒአሩን (ደረት እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠትን) ግን ፈታኝ ፊት ለፊት ቆሞ ካላየው ሰርተፊኬቱ ዋጋ የለውም። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን «ላይፍጋርድ እናደርጋችኋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ተንሳፋፊውን መሣሪያ ስጠቀም የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው?

ሬስኪዩ ቲዩብ የሚባለው ረዘም ያለ ለስላሳ ፎም፣ በማሰሪያ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ማሰሪያው ነው። ወንበር ላይ ሳላችሁ የተረፈውን ገመድ ሰብስባችሁ በእጃችሁ ካልያዛችሁት፣ ስትዘሉ ወንበሩ ወይም መሰላሉ ላይ ይጠላለፍና ይጥላችኋል። ሁለተኛው አዘላለል ነው። ከውሃው ብዙ ከፍ ሳትሉ፣ ጥልቀቱም ቢያንስ 1.5 ሜትር ሲሆን፣ እግርን ከፍቶ ጭንቅላት ሳይሰጥም መግባት ይቻላል። ከፍ ካለ ወንበር ግን እግር ተጋጥሞ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ቲዩቡ ደረት ላይ ተጣብቆ ነው የሚዘለለው።

ሦስተኛው፣ ዋነኛውም፣ አቀራረብ ነው። ቲዩቡ ሁልጊዜ በእናንተና በሰውየው መካከል ይሁን። ሊይዘው የሚችል ከሆነ ግፉለትና «ያዘው! ርገጥ!» ብላችሁ ጮክ በሉ። እሱ ካልሰማችሁ ከኋላው ዙሩና በብብቱ ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ቲዩቡን በሁለታችሁ መካከል አድርጋችሁ ያዙት፤ ራሱን ወደ ኋላ ሊወረውር ስለሚችል ፊታችሁን ወደ ጎን አድርጉ። አንቆ ከያዛችሁ አትታገሉት። አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ አብራችሁት ወደ ታች ስጠሙ፤ እሱ የሚፈልገው አየር ስለሆነ ይለቃችኋል።

እየሰጠመ ያለ ሰው ይጮኻል አይደል?

አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የሚለው አባባላችን ለዚህ በትክክል ይሠራል፤ ዳር ላይ ያሉት የሚጫወት ይመስላቸዋል። አሜሪካዊው ላይፍጋርድ ፍራንክ ፒያ ይህን ሁኔታ በዝርዝር አስቀምጦታል፤ ከዚያ ወዲህ በየሥልጠናው ይሰጣል። ለመጮኽ መጀመሪያ መተንፈስ ያስፈልጋል። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለአፍታ በመሆኑ አስወጥቶ ለማስገባት እንኳ አይበቃውም። እጁን ማውለብለብም አይችልም፤ ክንዶቹ ሳያዛቸው ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ።

ከዳር ሆናችሁ የምታዩት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እግሩ አይመታም፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ አፉ ከውሃው ገጽ እኩል ነው፤ ፀጉሩ ግንባሩና ዓይኑ ላይ ወርዷል፣ አያነሣውም፤ የማይታይ መሰላል የሚወጣ ይመስላል፤ ወደየትም አይሄድም። ይህ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ይቆያል፤ ከዚያ ይሰጥማል። ትንንሽ ልጆች ይህን ያህል እንኳ ሳይታገሉ ሊወርዱ ይችላሉ። ልብ ድካም ያጋጠመው ወይም የሚጥል በሽታ የተነሣበት ሰው ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ በፀጥታ ወለሉ ላይ ይገኛል። የሚጮኸውና እጁን የሚያወጣው ሰው ገና አቅም አለው፤ እሱም እርዳታ ይፈልጋል፤ ዝም ያለው ግን ይበልጥ ያስቸኩላል።

ውሃውን እንዴት ነው የምመለከተው?

በብዙ ሥልጠናዎች የሚሰጠው መለኪያ 10 እና 20 ይባላል፦ የተመደበላችሁን ክልል በ10 ሰከንድ ውስጥ ዳር እስከ ዳር አይቶ መጨረስ፣ ችግር ሲታይ ደግሞ በ20 ሰከንድ ውስጥ መድረስ። ክልሉ ሰፊ ሆኖ ይህ ካልተቻለ ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የአመዳደቡ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲጨመር መናገር ይገባችኋል።

ከወለሉ ጀምሩ፤ ከዚያ መካከሉን፣ ከዚያ ላዩን እዩ። ወለሉ ላይ ያለ ሰው ከላይ ሲታይ ጥላ፣ ፎጣ ወይም የንጣፍ መስመር ይመስላል፤ የውሃው መንቀሳቀስ ቅርጹን ይሰባብረዋል። ጥርጣሬ ከገባችሁ ወንበራችሁን ትታችሁ ቦታ ቀይሩና እንደገና እዩ። የፀሐይ ነጸብራቅ የሚሸፍነው ቦታ በየሰዓቱ ይቀየራል፤ ጠዋት ጥሩ የነበረው ወንበር ከሰዓት በኋላ ዕውር ሊሆን ይችላል።

ፒያ ላይፍጋርዶች ሰው የሚያመልጣቸውን በሦስት ምክንያት ያስረዳል፦ ምልክቱን አለማወቅ፣ ከጥበቃው ጋር ሌላ ሥራ መደረብ፣ እንዲሁም ሐሳብ መበታተን። ሁለተኛው የአሠሪዎች ጥፋት ነው። ወንበር ላይ ያለን ላይፍጋርድ ቲኬት እንዲቆርጥ ወይም ወለል እንዲያጥብ ማዘዝ ጥበቃውን ማንሣት ነው። ዓይን ስለሚደክም በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ቦታ መቀያየር የተለመደ ነው። ተተኪው ሲመጣም ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ ከውሃው ላይ ዓይን አታንሡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያያል።

የሰጠመ ሰው ሲፒአር ከሌላው በምን ይለያል?

በትንፋሹ። ድንገት ልቡ የቆመ ሰው ደሙ ውስጥ ገና ኦክስጅን አለው፤ የሰጠመው ግን ልቡ የቆመው ኦክስጅን ስላለቀ ነው። ስለዚህ ደረት ብቻ መጫን አይበቃም። የአውሮፓ መመሪያ በ5 ትንፋሽ ጀምሩ ይላል፤ የአሜሪካው በ2። ከዚያ 30 ጊዜ መጫንና 2 ትንፋሽ፣ እየተደጋገመ። ለአዋቂ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው።

በልምምድ አሻንጉሊቱ ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች አሉ። አንዱ በእያንዳንዱ ግፊት መካከል ክብደትን አለማንሣት ነው፤ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ልብ ደም አይሞላም። ሌላው በኃይል መንፋት ነው፤ አየሩ ጨጓራ ይገባና ሰውየው ያስመልሳል። ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ንፉ። ካስመለሰ ወደ ጎን አዙራችሁ አፉን ጥረጉና ቀጥሉ። አረፋ ከአፉ ቢወጣ ግን እሱን ስትጠርጉ ጊዜ አታጥፉ፤ በላዩ ላይ ንፉ። ሆድ ተጭኖ ወይም ቁልቁል ዘቅዝቆ «ውሃ ማስወጣት» የሚባለውን ተዉት፤ ትንፋሹን ያዘገያል፣ ትውከትም ወደ ሳንባ ያስገባል። ኤኢዲ (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ) ሲመጣ ሰውየውን ከረጠበው ቦታ አውጡት፣ ደረቱን በፎጣ አድርቁ፣ ከዚያ ለጥፉ። የሚጫነው ሰው በየ2 ደቂቃው ይቀየር፤ ግፊቱ መድከም የሚጀምረው ለሚጫነው ሰው ሳይታወቀው ነው።

ጥልቀት በሌለው ውሃ በጭንቅላቱ የዘለለ ሰውስ?

አንገቱ ተጎድቷል ብላችሁ ጀምሩ። ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ይዛችሁ ፊቱን ከውሃ በላይ አቆዩት፤ ረዳታችሁ የአንገት ሰሌዳውን (ተጎጂውን አንገቱ ሳይንቀሳቀስ የሚያወጡበትን) ይዞ እስኪመጣ ጊዜ አለ። ካልተነፈሰ ግን ትንፋሹ ይቀድማል፤ ቶሎ አውጡት።

የገንዳ ሰርተፊኬት ይዤ ባሕር ላይ መሥራት እችላለሁ?

አትችሉም፤ ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋችኋል። ገንዳ ውስጥ ወለሉ ይታያል፣ ውሃውም አይሄድም። ባሕር ላይ ሞገድ፣ የውሃ ቅዝቃዜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሪፕ ከረንት አለ፦ ሞገዱ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ በጠባብ መንገድ ወደ ጥልቁ ሲመለስ። ለማያውቅ ሰው ሞገድ የሌለበት፣ ጠቆር ያለ፣ የተረጋጋ ቦታ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ መርጦ የሚገባው እዚያው ነው። የተያዘ ሰው ከጅረቱ ጋር አይታገልም፤ ይንሳፈፋል፣ ወይም ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኝቶ ከመንገዱ ይወጣል። ላይፍጋርድ ደግሞ ይህንኑ ጅረት ወደ ተጎጂው በፍጥነት ለመድረስ ይጠቀምበታል። የባንዲራ ምልክቶችም ይፈተናሉ፤ ቀይና ቢጫ ጥበቃ ያለበት የዋና ክልል ነው፣ ሁለት ቀይ ደግሞ ውሃው ተዘግቷል ማለት ነው።

ሰርተፊኬቱ እስከ መቼ ያገለግላል? ሌላ አገርስ ይሠራል?

የአሜሪካ ቀይ መስቀልም ሆነ ኤንፒኤልኪው 2 ዓመት ያገለግላሉ። ለኤንፒኤልኪው በእነዚያ 2 ዓመታት ውስጥ 20 ሰዓት የተመዘገበ ልምምድ ይጠየቃል። ብሮንዝ ሜዳልየን የያዙ ደግሞ በየዓመቱ ችሎታቸውን እንደገና ያሳያሉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ብዙ ጊዜ አጭሩ የእድሳት ኮርስ አይፈቀድላችሁምና ከማለቁ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማችሁ ተመዝገቡ።

አገር ስትቀይሩ የሚወስነው አሠሪውና የአገሩ ሕግ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የላይፍ ሴቪንግ ፌዴሬሽን አባል ድርጅቶች በእሱ ደረጃ መሠረት ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት መስጠት ስለሚችሉ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትማሩበት ድርጅት አባል መሆኑን ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ለገንዳ ወይስ ለባሕር መሆኑ፣ እንዲሁም የሚጣራ ቁጥር ሊኖር ይገባል።

ብወድቅ ምን ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ የወደቃችሁበትን ክፍል ብቻ እንደገና ትፈተናላችሁ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የጽሑፍ ፈተና 80 በመቶ ይጠይቃል። በተግባር ፈተናው ላይ ግን ከዘገየ ዋና ይልቅ የሚያስጥለው አንድን እርምጃ ሳይፈጽሙ ማለፍ ነው፦ ፊሽካ ሳይነፉ መግባት፣ ቲዩቡን መርሳት፣ ዓይንን ከተጎጂው ማንሣት። እነዚህ እጅ እስኪያውቃቸው ድረስ ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ተለማመዱ።

ሰርተፊኬቱን በያዝኩ ማግስት ብቻዬን መጠበቅ እችላለሁ?

የማታውቁትን ውሃ ብቻችሁን አትረከቡ። መጀመሪያ ዙሪያውን ተዘዋወሩ፤ ጥልቀቱ የት እንደሚለወጥ እዩ። የአንገት ሰሌዳው፣ ኤኢዲው፣ ስልኩ የት እንዳለ በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። አምቡላንስ ማን እንደሚጠራና በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሌሎቹን ዋናተኞች ማን እንደሚያስወጣ ጠይቁ። የፊሽካው ትርጉም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የዚያን ቤት ተማሩ። ከዚያ ባልደረባችሁ የልምምድ አሻንጉሊቱን ወለሉ ላይ ያስቀምጥ፤ እናንተ በየወንበሩ ተራ በተራ ተቀመጡና ከየትኛው እንደማይታይ መዝግቡ።